የንግድ ምልክትና የቅጂ መብት፦ ከባልትና እስከ ካፌ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነጋዴዎችን በወረቀት ጉዳይ ሳግዝ የሚያጋጥሙኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የንግድ ምልክትና የቅጂ መብት አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። የአንድ ኪሎ በርበሬ ማሸጊያ እጅዎ ላይ አለ እንበል። ፊት ለፊቱ በትልቁ የተጻፈውን ስምና ከጎኑ ያለውን አርማ ገዢው ያያል፤ የእርስዎን ዕቃ ከጎረቤትዎ ዕቃ የሚለየው በእሱ ነው። ይሄ የንግድ ምልክት ነው። ማሸጊያውን ያሳመረው ሥዕል፣ ፎቶው፣ ከጀርባው ስለ አዘገጃጀቱ የተጻፈው ጽሑፍ ደግሞ የሆነ ሰው አስቦ የሠራቸው ናቸው። እነሱን የሚጠብቃቸው የቅጂ መብት ነው። ሎጎ ሁለቱም ውስጥ ይገባል። ሥዕልነቱ በቅጂ መብት፣ መለያነቱ በንግድ ምልክት ይጠበቃል።

የቅጂ መብቱን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የንግድ ምልክቱ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። «ስሜን ፓተንት ላስደርግ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ ፓተንት ግን ለስም አይሰጥም። በርበሬውን የሚፈጨው ማሽን ላይ አዲስ ነገር ከፈጠሩ ያኔ ስለ ፓተንት እናወራለን።

ስሙ ንግድ ፈቃዴ ላይ አለ። ታዲያ ለምን እንደገና አስመዘግባለሁ?

ከሁሉ አብልጬ የምሰማው ይሄንን ነው። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ወይም የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። እዚያ የሚፈለገው ማን ምን እንደሚነግድ ማወቅ ነው። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው፤ ድሮ ጽሕፈት ቤት የምንለው ማለት ነው። ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ወረቀት። አንዱ ሌላውን አይተካም። የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ሲሰጥ መሆኑን አዋጁ ራሱ በግልጽ ይናገራል።

አንዲት የሰፈራችን ባልትና አዘጋጅ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ስም ሽሮና በርበሬ ሸጣለች። ንግድ ፈቃዷ ላይ ያለው የራሷ ስም ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ስም የትም አልተመዘገበም። አንድ ቀን አንድ ሱፐርማርኬት «ዕቃሽን እናስገባለን፣ የምልክት ምስክር ወረቀት አምጪ» አላት። ስትሄድ ስሙን ሌላ ሰው ለዱቄት ቀድሞ አስመዝግቦታል። አሥር ሺህ ፌስታል አሳትማ ቤት ደርድራለች። ከልጆቿ ጋር ማታ ማታ እየተቀመጡ በአሮጌው ስም ላይ የአዲሱን ስም ስቲከር አንድ በአንድ ለጠፉበት። ሄጄ ስጠይቃት የልጇ አውራ ጣት በሙጫ ደርቆ ነበር። ስሙን ከማተምዎ በፊት ያስመዝግቡ የምለው ለዚህ ነው።

ለማስመዝገብ ምን ያስፈልጋል? ጠበቃስ ግድ ነው?

ማመልከቻ፣ የምልክቱ ናሙና፣ ምልክቱ የሚውልባቸው ዕቃዎች ወይም አገልግሎቶች ዝርዝርና ክፍያ ያስፈልጋል። ሰው ከወከሉ የውክልና ሥልጣን ይጨመራል። አገር ውስጥ የሚኖር ነጋዴ ራሱ መጨረስ ይችላል። ውጭ አገር ላለ አመልካች ግን እዚህ ወኪል ያስፈልገዋል። ክፍያው በመንግሥት ደንብ የተወሰነ ነው፤ ስለሚለዋወጥ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ።

ከማመልከትዎ በፊት ፍለጋ ያስደርጉ። ተመሳሳይ ስም መዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩን የሚያዩበት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ይዘላል። ከዚያ የባለሥልጣኑ መርማሪ ፎርሙን ያያል፣ ቀጥሎ ምልክቱ ራሱ መመዝገብ የሚችል መሆኑን ይመረምራል። ካለፈ «ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ በእርስዎ ወጪ ይወጣል። ተቃዋሚ 60 ቀን አለው። ማንም ካልመጣ ምስክር ወረቀትዎን ይወስዳሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የሌሎችንም ማስታወቂያ አልፎ አልፎ ያንብቡ። የእርስዎን ስም የሚመስል ሲወጣ በ60 ቀን ውስጥ መቃወም፣ በኋላ ፍርድ ቤት ከመመላለስ እጅግ ይረክሳል።

ለስንት ዓመት ያገለግላል?

የንግድ ምልክት ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ነው። በየ7 ዓመቱ ማደስ ይቻላል፤ ስንት ጊዜ ብለው አይገደቡም። ቀኑን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት፤ ማንም ደውሎ አያስታውስዎትም። ሌላው ወጥመድ አለመጠቀም ነው። የተመዘገበ ምልክት ሦስት ዓመት በተከታታይ ሥራ ላይ ካልዋለ ሌላ ሰው «ይሰረዝልኝ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «ለወደፊት ይሆነኛል» ብሎ አምስት ስም አስመዝግቦ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው።

የቅጂ መብት ረዘም ይላል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ፎቶግራፍ ግን 25 ዓመት ብቻ ነው።

የቅጂ መብትንም ማስመዝገብ አለብኝ?

ግዴታ የለበትም። ሥራው የራስዎ ፈጠራ ከሆነ (ከሌላ ካልተቀዳ) እና ከጭንቅላት ወጥቶ ወረቀት ላይ፣ ስልክ ላይ ወይም ኮምፒውተር ላይ ካረፈ፣ መብቱ ያኔውኑ አለ። ባለሥልጣኑ ዘንድ ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለማስረጃ ነው። ክርክር ሲነሳ «መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ» ለማለት ቀን ያለበት ወረቀት ይኖርዎታል። ለሱቅ ፖስተር አይልፉ። ለመጽሐፍ፣ ለሶፍትዌር፣ ለሥልጠና ቪዲዮ ግን እኔ ብሆን አስመዘግባለሁ።

«ምድብ ምረጥ» አሉኝ። ምንድን ነው?

ዓለም አቀፍ አመዳደብ ነው፤ የኒስ ምደባ ይባላል። ዕቃና አገልግሎት በ45 ምድብ ተከፍሏል። ከ1 እስከ 34 ዕቃ ነው፣ ከ35 እስከ 45 አገልግሎት። ቡና፣ ዱቄትና ቅመም ምድብ 30 ናቸው። ልብስና ጫማ 25። ቢራና ለስላሳ 32፣ ጠጅና አረቄ 33። ምግብ ቤትና ካፌ 43።

ጥበቃው የሚያገለግለው በመረጡት ምድብ ዙሪያ ነው። ካፌ ከፍተው ምድብ 43 ብቻ ካስመዘገቡ በኋላ የተቆላ ቡና አሽገው መሸጥ ቢጀምሩ፣ በምድብ 30 ሌላ ሰው ቀድሞዎት ሊሆን ይችላል። አሁን የሚሠሩትንና በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የሚጀምሩትን ብቻ ይምረጡ። የህልም ዝርዝር አያስፈልግም።

ምን ዓይነት ስም ውድቅ ይደረጋል?

ዕቃውን ራሱን የሚገልጽ ስም አያልፍም። «ንጹሕ ማር» ብለው ማር መሸጥ ይችላሉ፤ ቃሉን የግልዎ ማድረግ ግን አይችሉም፤ ማር የሚሸጥ ሁሉ ይፈልገዋል። ሰንደቅ ዓላማና የመንግሥት ዓርማ፣ ሞራል የሚነካ፣ ገዢን የሚያሳስት እንዲሁ አይሄድም። ዘይቱ ከኑግ ሳይሆን «ኑግ» የሚል ምልክት ቢያወጡበት ማሳሳት ነው። የታወቀ የውጭ ምልክትን አንድ ፊደል ቀይሮ ማምጣትም ያው ነው።

የእኔ ምክር? ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ቃል ይምረጡ። መጀመሪያ ላይ ባዳ ይሆናል። ገዢው ሲለምደው ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

የቦታ ስምስ? ይርጋጨፌ እንዴት የንግድ ምልክት ሆነ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩም ደስ ይላል። በመርህ ደረጃ የቦታ ስም ለአንድ ነጋዴ ብቻ አይሰጥም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ያን ጊዜ ቡናው በውጭ ሱቅ በውድ ይሸጥ ነበር፤ ለገበሬው የሚደርሰው ግን ጥቂት ሳንቲም ነው። ስሙ የኛ ከሆነ ዋጋ ላይ ለመነጋገር አቅም ይኖረናል የሚል ሐሳብ ነው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ከዚያ በፊት «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት ምልክት አመልክቶ ስለነበር የኛ ማመልከቻ ከሱ ጋር ተጋጨ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም «ስሙ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆኗል» ብሎ ተቃወመ። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኦክስፋም ለኢትዮጵያ ወግኖ ዘመቻ ከፈተ። ይርጋጨፌ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ስምምነት ፈረሙ። ሲዳሞ እ.ኤ.አ. በ2008 አለፈ።

«ለምን በመልክዓ ምድር መለያ አላስጠበቁትም?» የሚል ይኖራል። ያ ዕቃው ከአንድ አካባቢ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ጥበቃ ነው፤ እያንዳንዱ ጆንያ ከየት ማሳ እንደመጣ መቆጣጠር ይጠይቃል፤ ቡናችን ደግሞ ከትንንሽ ማሳዎች በብዙ እጅ አልፎ ነው ገበያ የሚደርሰው። የንግድ ምልክት ሲሆን ቡናውን ቆልተው የሚሸጡት ኩባንያዎች ያለ ክፍያ የፈቃድ ውል እየፈረሙ ስሙን ይጠቀማሉ፤ ባለቤትነቱ ግን የኢትዮጵያ ነው። ለእርስዎ ትርጉሙ ምንድን ነው? «የይርጋጨፌ ቡና ነው» ብሎ ማሸጊያው ላይ መጻፍና «ይርጋጨፌ» የሚለውን የራስ ምልክት ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛውን አይሞክሩ።

በአማርኛ አስመዘገብኩ። አንዱ በላቲን ፊደል ቢጽፈው፣ ወይም ሀን በሐ ቢቀይረውስ?

ፊደል ቀይሮ ማምለጥ የለም። ሕጉ የሚያየው ገዢው ይሳሳታል ወይ የሚለውን ነው። መልኩ፣ ድምፁ፣ ትርጉሙ ይመዘናል። «ፀሐይ ሳሙና» ተመዝግቦ ሳለ አንዱ መጥቶ «ጸሃይ ሳሙና» ቢል፣ ሱቅ ቆሞ «ፀሐይ ስጠኝ» የሚል ሰው ልዩነቱን በጆሮው አይለየውም። በአማርኛ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፣ ሁለት ጸ ይዘን ነው የምንኖረው።

ይሁንና እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ታፔላዎ ላይ በሁለቱም ፊደል ከጻፉ፣ ሲያስመዘግቡም ሁለቱንም አጻጻፍ የያዘ ምልክት ያስገቡ። ሌላው ብዙ የማየው ስህተት ባለቀለም ሎጎ ብቻ ማስገባት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሎጎውን ሲያዘምኑት የተመዘገበው አሮጌው ሆኖ ይቀራል። ስሙን ብቻውን በተራ ፊደል ማስመዝገብ ከቻሉ ያ ይበልጣል፤ ልብሱ ቢቀየር ሰውየው ያው ነው።

ሎጎውን ዲዛይነር ሠራልኝ፣ ከፈልኩት። የማን ነው?

የአዋጅ 410 መነሻ ሐሳብ ለእርስዎ ያደላል። አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም በአገልግሎት ውል ታዝዞ የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። የሞራል መብቱ ግን የሠሪው ነው። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ስሙን መጥቀስ ይችላል፤ ክብሩን የሚነካ ለውጥ ሲደረግበትም መቃወም ይችላል። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? «ታዝዞ» የሚለውን ማስረዳት ላይ። አብዛኛው ሰው ያዘዘው በስልክ ነው፣ የከፈለው በእጅ ነው፣ ደረሰኝ የለም። ለዓመታት ከሠራው ሰው ጋር ሲጣላ ማስረጃ ፍለጋ ይጀምራል።

እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ። ሎጎ አሠርቼ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ተላከልኝ። ደስ አለኝ፣ ከፈልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትልቅ ባነር ለማሳተም ስወስደው ማተሚያ ቤቱ «ይሄ ሲተልቅ ይፈርሳል፣ ዋናውን ፋይል አምጣ» አለኝ። ዲዛይነሩ ስልክ ቀይሯል። ሎጎውን እንደ አዲስ ማሣል ነበረብኝ፤ መስመሩም እንደ በፊቱ አልሆነም።

ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር አንድ ገጽ ውል ይጻፉ። ማን እንዳዘዘ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ የኢኮኖሚ መብቱ (ሥራውን አባዝቶ መሸጥና መጠቀም) ሁሉ ለአዛዡ እንደሚሆን፣ ዋናው ፋይል እንደሚረከብ ይግባበት። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቀን ይኑረው። መብት ማስተላለፍ በቃል አይሆንም፤ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ካንቫ ላይ ወይም በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሠራሁትን ሎጎ ማስመዝገብ እችላለሁ?

ካንቫ ዝግጁ ዲዛይን የሚሰጥ መተግበሪያ ነው፤ አብነቶቹና ሥዕሎቹ ለእርስዎ ብቻ የተሰጡ አይደሉም። ያንኑ ቡና ሲኒ ሌላ አንድ ሺህ ሰው እየተጠቀመበት ሊሆን ይችላል። የድርጅቱ የራሱ ደንብም ከክምችቱ የተወሰደ ሥዕልን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ይከለክላል። ለፌስቡክ ማስታወቂያ ጥሩ ነው። ለሎጎ አይሁን።

የኤአይ ነገር ትንሽ ይለያል። የቅጂ መብት የሚሰጠው በአእምሮው ለፈጠረ ሰው ነው። ማሽን ብቻውን የሣለው ሥዕል ላይ የቅጂ መብት መጠየቅ ደካማ መሬት ላይ መቆም ነው፤ የአሜሪካው የቅጂ መብት ቢሮም እንዲህ ያለውን አይመዘግብም። የንግድ ምልክት ግን ማን ሣለው ብሎ አይጠይቅም፤ ይለያል ወይስ አይለይም ነው ጥያቄው። ስለዚህ እንደ ምልክት ሊያልፍ ይችላል። ኤአይ ከሌላ ሰው ሎጎ ኮርጆ እንዳልሰጠዎት ግን ማጣራቱ የእርስዎ ነው።

የፌስቡክ ገጹን የከፈተው የእህቴ ልጅ ነው። ችግር አለው?

እስኪጣሉ ድረስ የለውም። ሲጣሉ ግን ሃምሳ ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ በእሱ ስልክ ይቀራል። ዛሬውኑ ቡና አፍልተው ይጥሩትና ራስዎን ዋና አስተዳዳሪ ያስደርጉ። የቴሌግራም ቻናል፣ የቲክቶክ አካውንት፣ የድረ ገጽ አድራሻም እንዲሁ ነው። በነጥብ ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ሲያወጡ በድርጅቱ ስም ይሁን፤ በኮምፒውተር ባለሙያው ስም አይሁን። ሌላ ሰው በስምዎ ገጽ ቢከፍት ለማዘጋት የሚረዳዎ የምልክት ምስክር ወረቀትዎ ነው። ቅሬታ መቀበያ ፎርሞቹ የምዝገባ ቁጥር ይጠይቃሉ።

የልብሶቼን ፎቶ ከቴሌግራም ወስደው ይሸጡበታል። መብት አለኝ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአዋጅ 410 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ ከያዘ ነው። ባዶ ፎቶ መልቀቅ መብትን በራስ እጅ ማድከም ነው። ስለዚህ ስምዎንና ስልክዎን ፎቶው ላይ ይጻፉ። ጥግ ላይ ሳይሆን ልብሱ መሀል ላይ ፈዘዝ አድርገው፤ ጥግ ላይ ያለውን ይቆርጡታል። ዋናውን ፋይል ከነቀኑ ያስቀምጡ። ፎቶ አንሺ ቀጥረው ከሆነ ደግሞ ከላይ ስለ ሎጎ ያልኩት ውል እዚህም ያስፈልጋል።

ካፌዬ ውስጥ ሙዚቃ ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ። ሲዲ መግዛት ወይም ለዩቲዩብ መክፈል ቤትዎ ለመስማት ነው። ደንበኛ ለተሞላ ቤት ማሰማት ለሕዝብ ማቅረብ ነው፤ የደራሲው፣ የዘፋኙና የአሳታሚው መብት ይነካል። የ2007 ዓ.ም. የቅጂ መብት ማሻሻያ ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት ሮያሊቲ (ለሥራቸው የሚከፈል ድርሻ) እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። «ሁሉም ይከፍታል» የሚለው መልስ ፍርድ ቤት አያስኬድም።

ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በቲክቶክ ሱቅ እያስተዋወቁ የታወቀ ዘፈን ከኋላ ማስገባት የሌላን ሰው ሥራ ለንግድዎ መጠቀም ነው። ቲክቶክ ለንግድ አካውንቶች ለብቻው የፈቀዳቸው ሙዚቃዎች አሉ፤ ከነሱ ይምረጡ።

ምግብ አብሳዬ ለቆ ሄዶ የኔን ቅመም አሠራር ሌላ ቤት ይሠራል። ልከሰው እችላለሁ?

በቅጂ መብት ከባድ ነው። የቅጂ መብት ሐሳብን፣ ዘዴንና ቀመርን አይጠብቅም። የጻፉትን የምግብ መጽሐፍ ቃል በቃል ቢገለብጥ መብት አለዎት። «በሶብላ ትንሽ፣ ኮረሪማ ሁለት እፍኝ» የሚለውን ዕውቀት ራሱን ግን አይይዝም። የሚረዳዎ ሌላ ነገር ነው። ሲቀጥሩት ምስጢር እንዲጠብቅ በውል ያስሩት። የንግድ ምስጢርን ማውጣት በንግድ ውድድር ሕጉም የተከለከለ ነው፤ ግን ምስጢር መሆኑን ማስረዳት አለብዎት። ሁሉም ሠራተኛ የሚያየው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከነበረ ምስጢር ነበር ማለት ያስቸግራል። የድሮ እናቶች የአዋዜውን ቅመም ራሳቸው ደባልቀው ለሠራተኛ የሚሰጡት ያለ ነገር አልነበረም።

አስመሳይ አገኘሁ። ከየት ልጀምር?

ከቁጣ አይጀምሩ፤ ከደረሰኝ ይጀምሩ። ሰው ልከው ዕቃውን ያስገዙ፣ ደረሰኝ ይቁረጥ። ማሸጊያውን ከእርስዎ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፣ ሱቁን፣ ቀኑን ይጻፉ። ደንበኛ ተሳስቶ «ያንተ ዕቃ ተበላሽቶብኛል» ብሎ ከደወለ መልእክቱን አያጥፉ፤ እሱ ወርቅ ነው።

ቀጥሎ በጠበቃ ደብዳቤ ይላኩ። ግማሹ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንዳንዱ የተመዘገበ መሆኑን እውነትም አያውቅም። ሽምግልናም አይናቁ፤ የቀረውን ማሸጊያ በሁለት ወር ጨርሶ ስሙን ይቀይር ብሎ መስማማት ከክስ ይሻላል። ካልሆነ ፍርድ ቤት ሽያጩን እንዲያግድና ካሳ እንዲወስን ይጠይቃሉ። ዕቃው ከውጭ የሚገባ ከሆነ በባለመብቱ ጥያቄ ጉምሩክ ሊይዘው ይችላል። በወንጀልም ያስጠይቃል። የተመዘገበ ምልክትን አውቆ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። በቅጂ መብት በኩል ደግሞ የሞራል ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም።

ስሜን ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዘገበው። አበቃልኝ?

መልሱ እንደ ቀኑ ነው። ገና በማስታወቂያ ላይ ከሆነ ሩጡ፤ በ60 ቀኑ ውስጥ ተቃውሞ ያስገቡ። ምስክር ወረቀት ከተሰጠው ምዝገባው መጀመሪያም መፈቀድ ያልነበረበት መሆኑን አስረድተው እንዲሰረዝ ይጠይቃሉ። ለዚህ አሮጌ ደረሰኝ፣ የማተሚያ ቤት ውል፣ የድሮ ማስታወቂያ ይጠቅማል። የሰውየው ምዝገባ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሦስት ዓመት ካልሠራበት በዚያ በኩል ይሞክራሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ሥርዓቱ የሚያደላው ላስመዘገበው ነው። «እኔ ቀድሜ ጀመርኩ» ብቻውን ያንን አይገለብጥም። አንዳንዴ ስሙን ከሰውየው መግዛት ከክርክሩ ይረክሳል፤ ማስተላለፉም በጽሑፍ ሆኖ ባለሥልጣኑ ዘንድ ይመዘገባል።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ላሉ ዘመዶቼ ስሙን ብሰጣቸውስ?

የአዲስ አበባው ምስክር ወረቀት ዋሽንግተን ላይ አይሠራም። የንግድ ምልክት በየአገሩ ነው። አሜሪካ ምዝገባው 10 ዓመት ነው፣ ስሙን ቀድሞ መጠቀም ራሱ መብት ይሰጣል፤ ግን በሚጠቀሙበት አካባቢ ነው። አውሮፓ ላይ አንድ ማመልከቻ ለ27ቱም የኅብረቱ አባላት ይሆናል። የባሕረ ሰላጤ አገሮች የጋራ ሕግ ቢኖራቸውም ማመልከቻው ለየአገሩ ለየብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዘመድ ጋር ነው። የአጎት ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በእርስዎ ስም ምግብ ቤት ይከፍታል፣ እዚያ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ክፋት የለውም፤ አካውንታንቱ ነው እንደዚያ ያደረገለት። ከአምስት ዓመት በኋላ የእርስዎ በርበሬ አሜሪካ ሲገባ የስሙ ባለቤት እሱ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስሙን ሲሰጡ የፈቃድ ውል ይጻፉ። ስሙ የማን እንደሆነ፣ ጥራቱን ማን እንደሚቆጣጠር፣ ውሉ ሲያልቅ ታፔላው እንደሚወርድ ይግባበት። እዚህ አገርም ለቅርንጫፍ ወይም ለወኪል ስሙን ሲሰጡ እንዲሁ ነው፤ የፈቃድ ውሉ ባለሥልጣኑ ዘንድ ካልተመዘገበ ሌላ ሰው ላይ አይጸናም።

ከሸሪኬ ጋር ልንለያይ ነው። ስሙ ለማን ይሆናል?

ምስክር ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው። በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበሩ ስም ከተመዘገበ የማኅበሩ ንብረት ነው፤ እንደ መኪናው ተገምቶ ይከፋፈላል ወይም አንዱ ይገዛዋል። በአንዱ ሸሪክ የግል ስም ከተመዘገበ ግን ሌላው ሃያ ዓመት ቢለፋበትም በወረቀት ባለቤት አይደለም። ድርጅት ከመቋቋሙ በፊት «ለጊዜው በኔ ስም ላስመዝግበው» ተብሎ የቀረ ስንት አለ። እንደዚያ ካደረጋችሁ ማኅበሩ በተቋቋመ ሳምንት አስተላልፉት። አሁን ሽኩቻ ላይ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ አውጡና የማን ስም እንዳለበት፣ የሚታደስበትም ቀን ስንት እንደቀረው ተመልከቱ። ሁለቱ ሲከራከሩ ሰባተኛው ዓመት አልፎባቸው ስሙን ሁለቱም ያጡ አይቻለሁ።